በትምህርት ቤቱ ግንብ ላይ ያለችው ጣውንቴ

ባሏን የቀበረች፣ ጥርሷን ያረገፈች፣ ልጆቿን የዳረች አሮጊት በግንብ ላይ በተሳለች ሴት ቀናች ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? «ጃጅታለች» ነው የምትሉት። እኔም ስለ ሌላ ሰው ብሰማ ያንኑ እል ነበር። ግን በራሴ ደረሰ። ባሏን እንደነጠቋት ሴት ተንገብግቤያለሁ፣ እህል አልወርድ ብሎኛል። የሆነውም እዚሁ ሐይቅ ከተማ ነው። ሩቅ ጊዜም አይደለም፣ የግንቡ ቀለም ገና አልለቀቀም።

በፊት ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። ዘይነባ እባላለሁ። የተወለድኩት አምባሰል ነው፣ ከውጫሌ በላይ ካለው ዳገት። ተድሬ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በልጅነቴ ደጁንም አልረገጥኩም። ሙያዬ እግሬና አፌ ነው። ሴት በሰላም ስትገላገል፣ ሙሽራ ሲወጣ፣ ልጅ ለስደት ሲነሳ «ዘይነባን ጥሯትና ትመርቅልን» ይላሉ፣ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ እሄዳለሁ። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር እስከ ውጫሌ ያልገባሁበት ቤት፣ ዱዓ ያላደረግሁበት ደጅ ጥቂት ነው። እስላም ክርስቲያን አልለይም። ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚወጡ መንገደኞች ደክሟቸው ከዛፍ ሥር ሲያርፉ አግኝቼ «እግራችሁን ያበርታው» ስላቸው አሜን ብለውኝ ተነስተዋል። ክፍያ የለውም። መሬት የለኝ፣ ከብት የለኝ፣ ያለኝ ሀብት ይህ አፌ ብቻ ነው።

የምርቃት ወግ አለን። ተመራቂው ጎንበስ ይላል፣ መራቂው እጁን ራሱ ላይ ይጭናል፣ ቃሉ እስኪያልቅ ተመራቂው ቀና አይልም። እናቴ «የጎነበሰ ራስ ሳይመረቅ አይቃናም» ትለኝ ነበር። ያስቀየመሽ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ራሱን ካጎነበሰልሽ ትመርቂዋለሽ እንጅ አትመልሽውም። ተመራቂውም ቢሆን አንዴ ከጎነበሰ ወዲያ ዝም ብሎ ቀና አይልም፣ ነውርም ነው፣ ገዱም አያምርም። ይህን ለልጆቼ አስተማርኩ። ኋላም ለሐያት አስተማርኩ።

ሐያት የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ዓረብ አገር ስትሄድ ገና በወጉ አልተራመደችም ነበር። እኔን «እማየ» ትለኛለች፣ ወላጇን ደግሞ «የስልኳ እናቴ»። ለትምህርት ስትደርስ ከገጠር አውጥቼ ሐይቅ ከተማ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ዕድሜ ልኩን ያልቆመውን እግሬን አንዲት ልጅ አሰረችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ዘርግታ «በይ እማየ፣ ይህ ማነው?» እያለች ፊደል አስቆጠረችኝ። ይህን የምጽፍላችሁ እሷ ባስተማረችኝ ነው፣ ቢንሻፈፍ ፍረዱባት እንጅ በእኔ አትፍረዱ።

ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከደጃፉ ላይ ትቆማለች። ጎንበስ ትላለች። እጄን ከአናቷ ላይ አድርጌ «እደጊ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ የረገጥሽው ይለምልም» እላታለሁ። መዳፏን ዘርግታ «አሜን» ትልና ትሮጣለች። የቀኔ ትልቁ ሥራ እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት እስክትመለስ መጠበቅ ብቻ ነው።

አንድ ሰሞን ቀለም ቀቢዎች መጥተው የትምህርት ቤቱን አጥር ግንብ ቢጫ ቀቡት። ደስ አለኝ። አርጅቶ፣ ተላልጦ፣ ባለባጃጆች እየተደገፉት ቆሽሾ ነበር። በማግስቱ ግን ከቢጫው መሐል ፊት መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ነጭ ጠጉር። ቀጥሎ ሻሽ። ቀጥሎ ጥርስ። ወላሂ እንዲያ ያለ ጥርስ አይቼ አላውቅም፣ ከነጭ ጠጉር ጋር አንድም ያልጎደለ። አሮጊት ናት፣ በእጇ ብስኩት ይዛለች፣ ትስቃለች። ከግርጌዋ የተጻፈውን ቆሜ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት። «የእማማ ፍቅር በየጉርሻው» ይላል።

ሐያት እጄን ጎተተችኝ። «እማየ፣ አታውቂያትም እንዴ? እማማ ሳቂታ እኮ ናት።» አንድ ትልቅ የአገር ሽማግሌ ሳላውቅ እንደቀረሁ አድርጋ ነው ያለችኝ።

የኩባንያውን ስም አልጠራም፣ እነሱ እንደሆነ ራሳቸውን መጥራት ያውቁበታል። ለትምህርት ቤቱ ግንቡን ቀቡ፣ የውኃ ታንከር ሰጡ፣ ለየልጁም ደብተር አደሉ። ደብተሩ ሽፋን ላይ ያችው ሴት ናት። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰልፈው ስለ እሷ ዘፈን ይለማመዳሉ። ፊደል የምቆጥርበት ገጽ ሲገለበጥ ያችው ጥርስ። ሐያት ዕቃ ስታጥብ ያችው ዘፈን። ለመክሰስ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥሬ እሰጣታለሁ፣ እንደተቋጠረ ይመለሳል። ድሮ ከዚያ ላይ ለጓደኞቿ ሳይቀር ታድል ነበር።

አንድ ቀን ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝና «እማየ፣ አንች ለምንድን ነው የማትስቂው?» አለችኝ።

«እስቃለሁ እንጅ።»

«እንደዚያ አይደለም» አለች፣ ወደ ደብተሩ እያሳየች።

ስትወጣ ከግድግዳው ላይ መስታወቱን አውርጄ እንደዚያች ሴት ለመሳቅ ሞከርኩ። ያየሁትን አልነግራችሁም። መስታወቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ጎረቤቴ ጥሩወርቅ፣ አፏ የማያርፍ ደግ ሴት ናት፣ ፊቴ መጥቆሩን አይታ «ምነው ዘይነባ?» አለችኝ። ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ጣውንት መጣብሽ በይኛ» አለች። «እኔስ ባል ላይ ብቻ ነበር የሚመጣው ብየ።»

ጣውንትስ አውቃለሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ ከማዶ ሌላ አግብቶብኝ ነበር። አለቀስኩ፣ ኋላ ግን ተለማመድን፣ አብረን ፈተልን፣ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደጇ ሄጄ የመረቅኋት እኔ ነኝ። ያችኛዋ ቢያንስ ጉንፋን ይይዛታል፣ ትቆጣለች፣ ድስት ታሳርራለች። ይህችን ምን ታደርጓታላችሁ? አታረጅ፣ አትደክም፣ ልጅቱን ፊትሽን ታጠቢ ብላ አትቆጣ። ሌሊትም ቀንም ትስቃለች። እንዴት አድርጌ ነው የምወዳደራት?

ከዚያ የባሰው መጣ። እማማ ሳቂታ ራሷ በአካል ረቡዕ ቀን ትምህርት ቤት ልትመጣ ነው ተባለ። የብስኩቱን ሽፋን አሥር አሟልቶ ያመጣ ልጅ ፊት ለፊት ቀርቦ ትመርቀዋለች፣ ቦርሳ ትሰጠዋለች፣ አብራውም ፎቶ ትነሳለች። ትመርቀዋለች። ይህን ቃል ሐያት ስትነግረኝ ደግማ እንድትነግረኝ አደረግኋት።

ልጅቱ ሽፋን ለቃሚ ሆነች። ከመናኸሪያው፣ ከሱቁ ደጃፍ፣ ከውኃ መውረጃው እየለቀመች፣ አጥባ በገመድ ላይ እያሰጣች። ቢጫ ፍለጋ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። አትልቀሚ አላልኳት። ቅናት አፍ ይዘጋል፣ ያውም የእኔን አፍ።

ረቡዕ ነጋ። ገና በማለዳ ሹሩባዋን ጎንጉኜ ነጩን ካልሲዋን አጠለቅሁላት። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ደጃፉ ሄደች። እጄን አሙቄ ጠበቅሁ። አልጎነበሰችም።

«ሐያት፣ ረሳሽ።»

«አልረሳሁም እማየ። ዛሬ እማማ ሳቂታ ልትመርቀኝ አይደል?» አለችና እጇን አናቷ ላይ አደረገች። «ቦታውን ልተውላት ብየ ነው።»

በክፋት አላለችውም። ለእንግዳ ቦታ እንደሚለቅ ሰው፣ ቀስ ብላ በትሕትና ነው ያለችኝ። እጄን ወደ ነጠላዬ መለስኩት። «እሽ፣ ሂጅ» አልኳት።

ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ወላጆችም እንድንገኝ ተጠርተን ነበርና ጥሩወርቅን አስከትዬ ሄድኩ። ልሸኛት አይደለም የሄድኩት፣ ጣውንቴን በዓይኔ ላያት ነው።

ግቢው ሠርግ መስሏል። ትልቅ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና መሐል ላይ ቆሟል፣ ቢጫ ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ማይክ የያዘ ልጅ፣ ምላሱ ቅቤ የጠጣ፣ ልጆቹን ያስጨፍራቸዋል። ርዕሰ መምህሩ እኛን ከዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀመጠን። የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ እናቱን አውቃታለሁ። ትምህርት የለም ወይ ዛሬ ብዬ ብጠይቀው አንገቱን አከከና የውኃ ታንከሩን አሳየኝ። እኔም ከዚያ ታንከር ጠጥቻለሁ፣ ምን እላለሁ?

የመኪናው በር ተከፈተና ወጣች። ልጆቹ ግቢውን በጩኸት ሞሉት። ጥበብ ቀሚስ ለብሳለች፣ ያው ነጭ ጠጉር፣ ያው ሻሽ፣ ያው ጥርስ። ደረቷ ላይ ጥንዚዛ የምታክል ማይክ ተሰክታለች፣ ሳቋ በድምፅ ማጉያው ይወጣል። እኔ ግን መራቂ ነኝ፣ የሰው እጅ አያለሁ። እጇ ለስላሳ ነው። ተረከዟም ዳገት አያውቅም። ብትበዛ የልጄ እኩያ ናት።

«ጥሩወርቅ፣ ይህች አሮጊት አይደለችም» አልኳት በጆሮዋ።

«ጣውንት መቼ አሮጊት ሆና ታውቃለች?» አለችኝ።

ልጆቹ ተሰለፉ። አንድ አንዱ እየቀረበ ሽፋኑን ለባለ ማይኩ ያስረክባል፣ እሱ ቆጥሮ ከረጢት ውስጥ ይጥላል፣ ልጁ ይጎነብሳል፣ ሴትዮዋ እጇን ጭና «ብላ፣ እደግ፣ ሳቅ» ትላለች። ሦስት ቃል። ከዚያ ባለ ማይኩ ልጆቹን ሁሉ «የእማማ ፍቅር» ይላቸዋል፣ እነሱ «በየጉርሻው» ብለው ይመልሳሉ። በአሜን ቦታ ማለት ነው። አጠገቤ የነበሩት እናቶች እጃቸውን ሊዘረጉ ብለው መሐል ላይ ቀረባቸው። አንዷ መዳፏን አየት አደረገችና በነጠላዋ ሸፈነችው። ያፈረች ትመስል ነበር።

የሐያት ተራ ደረሰ። ፊቷ ያበራል። ሽፋኖቿን እንደ ገንዘብ ደርድራ በሁለት እጇ አቀረበች፣ ወዲያውም ጎነበሰች። ባለ ማይኩ አገላበጣቸው። ሦስቱን ለየና ወደ ጎን አደረገ።

«እነዚህ የእኛ አይደሉም ማሬ» አለ። «የሌላ ብስኩት ናቸው። ሲሞላልሽ ሌላ ቀን ትመጫለሽ፣ እሺ? ቀጣይ።»

ቢጫ ሁሉ የእማማ ሳቂታ መስሏት ነው። ቀለሙን እንጅ ጽሑፉን አላየችም።

ቀጣዩ ልጅ አልቀረበም፣ መንገዱ ተዘግቷልና። ሐያት ጎንብሳለች። ባለ ማይኩ «ቀና በይ የኔ ቆንጆ» አላት። ጎንብሳለች። እየሳቀ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። አልተነሳችም። አስተማሪዋ መጥታ በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት፣ ክንዷን ሳብ አደረገችው። ልጅቱ እግሯን አጥብቃ መሬት ላይ ተከለች። መዳፎቿ እንደ ወጉ ወደ ላይ ተዘርግተዋል። ከአዲስ አበባ የመጡት ወጣቶች እልኸኛ ልጅ መስላቸው ተሳሳቁ። እኛ አግዳሚው ላይ ያለነው ግን ምን እንደሆነ አውቀናል። ራሷን ሰጥታ ምርቃቱ እስኪወርድ እየጠበቀች ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

አሁን እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ ልቤ ያለችው «እሰይ» ነው። እሰይ፣ እይው እንግዲህ ፍቅሯን። ሦስት ወረቀት ጎደለ ብላ መለሰችሽ። ዞር በይና እኔን ፈልጊኝ። ጣውንቷ ባሏን ያባረረችላት ሴት እንዲያ ነው የምትደሰተው። አግዳሚው ላይ ተደላድዬ እስክትዞር ጠበቅኋት።

አልዞረችም። ፀሐዩ በረታ። ዘፈኑ ቆመ። ማጅራቷን አየሁት። ጠዋት የጎነጎንኩት ሹሩባ ግራና ቀኝ ወድቆ ማጅራቷ ባዶውን ለፀሐይ ቀርቷል፣ ቀጭን ነው፣ የእናቷን ነው። መዳፎቿ አሁንም አልታጠፉም። «እሰይ» ያለችው ልቤ እዚያው አፈረች።

ተነሳሁ። ተነስቼም ቆምኩ። ምን እንደያዘኝ ታውቃላችሁ? ፍርሃት። ሄጄ እጄን ብጭንባትስ? የእኔ እጅ መሆኑን አውቃ ያችኑ እየጠበቀች ጎንብሳ ብትቀርስ? ያን ሁሉ ቤት ገብቼ ያን ሁሉ ሰው መርቄ የገዛ ልጄ አሜን ሳትለኝ በሰው ፊት ብቀርስ? የአምባሰልን ዳገት የወጣ እግሬ ያችን አንድ ሜዳ መሻገር ከበደው።

ጥሩወርቅ ከኋላዬ ገፋ አደረገችኝ። «ሂጅ እንጅ አንች ሴት።»

ባለ ማይኩ ሲያየኝ «እማማ፣ እባክዎ ወደ ቦታዎ» አለኝ። አለፍኩት። ጣውንቴ ፊት ቆምኩ። ከቅርብ ሳያት ነጭ ጠጉሯ ክር ነው፣ ከጆሮዋ ሥር ቀለሙ በላብ ቀልጦ ወርዷል። ጥርሷ አሁንም ይስቃል፣ ዓይኗ ግን የፈራች ልጅ ዓይን ነው። ደረቷ ላይ ያለችውን ማይክ በእጇ ሸፈነችልኝ።

«ልጄ፣ መርቂያት» አልኳት፣ ሐያት እንዳትሰማ ጆሮዋ ሥር ቀስ ብዬ።

«አልተፈቀደልኝም እማማ። ሽፋን ላልሞላ አትመርቂ ተብያለሁ።»

«ጎንብሳለች እኮ። በእኛ አገር የጎነበሰ ራስ ሳይመረቅ አይቃናም። እስኪመሽ ብትቆሚ ትቆማለች።»

ልጅቱን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። «አያቷ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ታዲያ እርስዎ ይመርቋት።»

በዕድሜዬ ብዙ ቃል ተናግሬያለሁ። እንደዚያኛው ግን የመረረኝ የለም። «የምትጠብቀው አንችን ነው» አልኳት።

ወደ ባለ ማይኩ አየት አደረገች። ከዚያ ድምፅዋ ሲወጣ የአሮጊት ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ነበር። «እኔ እኮ አላውቅበትም። የሰጡኝ ሦስት ቃል ብቻ ነው።»

«እጅሽን ጫኝባት። ቃሉን እኔ አዋጣለሁ።»

ዞሬ ከኋላዋ ገባሁ። ቀሚሷ ሰፊ ነው፣ ደፋ ስል ይጋርደኛል። ማይኳን የሸፈነውን እጇን አንስታ ሐያት አናት ላይ አደረገችው፣ እኔ ስንት ጠዋት እጄን ካደረግሁበት ቦታ ላይ። ከዚያች ሴት ትከሻ ሥር ሆኜ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፄም በማይኳ ገብቶ በትልቁ ድምፅ ማጉያ በግቢው ላይ ወጣ።

«እደጊ።»

ከአግዳሚው በኩል «አሜን» መጣ። የጥሩወርቅን ድምፅ ለየሁት።

«እንደ ሐይቁ ርጊ፣ እንደ አምባሰል ቁሚ።»

«አሜን።» አሁን እናቶቹ ሁሉ ናቸው።

«የረገጥሽው ይለምልም። በሄድሽበት ሰው አይጥፋብሽ። የጎደለሽን እሱ ይሙላልሽ፣ ጎደለሽ ብሎ የሚመልስሽ አይግጠምሽ።»

«አሜን።» ከአጥሩ ውጭ ያሉት ባለባጃጆች ሳይቀሩ፣ ሸንኮራ የምትሸጠዋም፣ ማን እንደሚመርቅ ሳያዩ መዳፋቸውን ዘርግተው አሜን አሉ። የእኛ ሰው ምርቃት ከሰማ ከየት ነው ብሎ አይጠይቅም። ባለ ማይኩ «የእማማ ፍቅር» ብሎ ጀምሮ ነበር፣ የሚመልስለት አጣ። ርዕሰ መምህሩን በቀሚሷ ጎን አየሁት፣ እጁን እንደ እናቱ ዘርግቶ ቆሟል።

ሐያት ቀና አለች፣ ከቀሚሱ ጀርባ ያለሁትን እኔን ሳታይ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች።

ሽፋን ያልሞላላቸው፣ ጭራሽም ያልያዙ፣ ከሰልፉ ጀርባ ቆመው ጣታቸውን ሲጠቡ የነበሩ ልጆች ይህን አይተው ግልብጥ ብለው መጡና ጎነበሱ። ማይኩን አጠፉብን። ምን ቸገረኝ፣ እኔ ያለ ማይክ ነው የኖርኩት። እሷ እጇን ትጭናለች፣ እኔ ቃሉን እላለሁ፣ ድምፄ እስኪሰልል ድረስ። የኩባንያው ሰዎች እርስ በርስ ተነጋግረው ከረጢታቸውን ሰበሰቡ። የጎነበሰን ልጅ ሁሉ በጉልበት ቀና ማድረግ አይቻልማ።

ሲያበቃ ልወጣ ስል ከመኪናው ጀርባ ጠራችኝ። ሻሿን ፈትታ ፊቷን በውኃ እየታጠበች ነበር። ክሩ ጠጉር ጭኗ ላይ ተኝቷል። ተነስታ ጎነበሰች። የራሷ ጠጉር ጥቁር ነው፣ በላብ ርሷል።

እጄ ከበደኝ። አልዋሻችሁም፣ ዕድሜ ልኬን ሰው ስመርቅ ያልከበደኝ እጅ እዚያ ላይ ከበደኝ። ከሐያት አናት ላይ ቦታዬን የወሰደችው ይህች ናት። ግን ጎንብሳለች። ያቺንም የማዶዋን መርቄያት የለ? እጄን ጫንኩባትና እንጀራሽን ያብስልልሽ፣ ከዚህ የተሻለ ይስጥሽ ብዬ መረቅኋት። ስሟን ነግራኛለች። አልጽፈውም፣ የምትበላበት ሥራ ነው።

ሐያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯ መሬት አይነካም። ቦርሳው አልተሰጣት፣ ፎቶው አልተነሳላት፣ ግድ የላትም።

«እማየ፣ እማማ ሳቂታ ስትመርቀኝ ሰማሻት?»

«ሰማኋት።»

«ለሁሉም ሦስት ቃል፣ ለእኔ ግን ብዙ።» ትንሽ አሰበችና «ድምፅዋ ደግሞ ያንችን ይመስላል» አለች።

አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ፣ እኔ ነበርኩ እኮ፣ ያ ምርቃት የእኔ ነው ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷን ሳየው መለስኩት።

«የዚሁ አገር ሰው አስተምሯት ይሆናል» አልኳት።

«ይሆናል» አለችና ያን ዘፈን እያንጎራጎረች ጫማዋን ፈታች። የምርቃቱ ባለቤት ተቀምጬ፣ ምስጋናው ለጣውንቴ ሄደ። ጥሩወርቅ ብነግራት «ጅል ነሽ» አለችኝ። ጅል ሳልሆን አልቀርም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ደጃፉ አልሄድኩም። ብርድ ልብሱን አጣጥፌ ዘረጋሁት፣ እንደገና አጣጠፍኩት። ኮቴዋ ደጃፉ ላይ ሲቆም ሰማሁ። ዞር ስል ጎንብሳለች።

«ቦታውን ለእሷ ትተሽላት አልነበር?» አልኳት፣ ሳልለው ልቀር አልቻልኩም።

ቀና ሳትል መለሰችልኝ። «እሷ እኮ ሄደች እማየ።»

ልደሰት ወይ ልከፋ አላወቅሁም። ባሌም ከማዶ ሲመለስ እንዲሁ ነበር፣ ለምን መጣህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። እጄን ጫንኩባት። አሜን አለች። ሮጠች።

እናንተ ልጅ ያላችሁ፣ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ለልጅ ብስኩት መሸጥ ኃጢአት አይደለም። ገበያ ነው፣ እኔም ገበያ ወጥቼ እገዛለሁ፣ ደግሞም ይጣፍጣል፣ ቀምሼዋለሁ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ልጆቻችንን ምን እንደሚርባቸው ከእኛ ቀድመው አወቁት። ስንቱ ልጅ ነው እናቱ በስልክ ውስጥ ያለች? የሚርባቸው አናታቸው ላይ የሚያርፍ እጅ መሆኑን አወቁና እጁን በግንብ ላይ ስለው፣ በቢጫ ወረቀት ጠቅልለው፣ ትምህርት ቤት ድረስ አመጡት። ልጅ ደግሞ ከአስተማሪው ግቢ የመጣውን ሁሉ ትምህርት ነው ብሎ ይቀበላል። እኛ ታንከር አየን፣ እነሱ ረሃብ አዩ። እኔም ከታንከሩ የጠጣሁ ነኝና በማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም። ከዚያ ወዲህ ወላጆች ተሰብስበን ርዕሰ መምህሩን አነጋግረነዋል። በትምህርት ሰዓት ሻጭ እንዳይገባ ተስማማን። የግንቡ ሥዕል ግን ውል ስላለው ይቆያል አሉን።

ይቆይ። እኔም መቆሚያ አገኘሁ። ጠዋት ጠዋት ሐያትን አድርሼ አልመለስም፣ ከበሩ አጠገብ ከግንቡ ሥር እቆማለሁ። አላፊው ልጅ የፈለገ ጎንበስ ይላል፣ ሽፋን አልጠይቀውም። አንዳንዱ ለጨዋታ ይደጋግመዋል፣ ዞሮ መጥቶ እንደገና ይጎነብሳል። አውቄ ዝም እለዋለሁ። ከአናቴ በላይ ጣውንቴ ያን ሁሉ ጥርስ ገልጣ ትመለከተናለች። ቅናቱ ወጥቶልኛል ብላችሁ አትመኑኝ። ጠዋት ስደርስ ቀና ብዬ አያታለሁ፣ ሰላም ግን አልላትም። እሷ ትስቃለች፣ እኔ እመርቃለሁ። ክረምቱ ሲገባ ማናችን እንደምንለቅ እናያለን።